በሉካ ግንብ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ የሻረግ፤

ከወሬው ሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እንዴት ሰነበትሽ? ያ ደመና በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጋሽ ዘውገስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት መዋል ለመዱ ወይስ አሁንም በየማለዳው ክራቫት አስረው የውጭው በር ላይ ይቆማሉ? ምንትዋብ ፈተናዋን እንዴት አድርጋ ይሆን? የወይንሐረግ ዓይኗን ታየች? ሰፈሩስ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱን ያለ ጉንፋን ወጣሁት። ሥራዬም እዚያው ፕላንፓሌ፣ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ወረቀት እቀበላለሁ፣ ወረቀት አስረክባለሁ። ማታ ወደ ላንሲ ተመልሼ የራሴን ወጥ እሠራለሁ። ወጡ ባይጣፍጥም የሚያማርረኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ይዛልሽ የመጣችው ሴት ለስብሰባ ጄኔቭ መጥታ የነበረች ናት፤ የታመነች ሰው ናት። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልጽፍልሽ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጣልያን አገር ደርሼ መጣሁ። ፈረንጆቹ ዕርገትን ዘንድሮ ከእኛ ቀድመው አከበሩና ሐሙስን ከእሑድ አገናኝተው እረፍት አደረጉት። ወደ ጣልያን እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ጋሽ አስፋ ናቸው። አምና በላክሁልሽ ፎቶግራፍ ላይ ከእኔ በስተቀኝ የቆሙት ረጅሙ ሰውዬ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ጋር ቶኔ፣ ፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ይኖራሉ። ሉካ የምትባል በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ አለች፣ ሳንሞት እንያት አሉኝ። ጋሽ አስፋ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከቤት መውጣት የማይወዱ ሰው ስለሆኑ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም።

ከዙሪክ የሚመጡትን ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ጠብቀን ተገናኘን። እኅታችን ፍቅርተማርያም መጣች። ወፍራለች፣ ደስ ይበልሽ። አሁንም የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ትሠራለች፤ ሽማግሌዎቹ ከሌላ ሰው እጅ አንጎርስም እያሉ ያስቸግራሉ አለችኝ። ከሷ ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አቶ ኃይለመለኮት፣ ድሮ አስተማሪ፣ ዛሬ ፖስታ ቤት ደብዳቤ የሚለዩ ናቸው። ሁለተኛው ኅሩይ የሚባል፣ በአርባዎቹ መካከል ያለ፣ አጠር ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አገር ቤት የስልክ ቴክኒሻን ነበር፤ ዙሪክ ላይ ትራም ይነዳል። ጥምቀት ላይ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከሰላምታ በላይ አላወራንም። ሚላኖ ላይ ግን የሁሉንም ሻንጣ ሰብስቦ ተሸከመ። የኔን ሊቀማኝ ሲል እምቢ አልኩት። አለቀቀም። እስከ ባቡሩ ድረስ አንድ ሻንጣ ለሁለት ይዘን ሄድን።

ሉካን እንዲህ አስቢያት። ጋሽ ዘውገ ሐረር ተመድበው በነበረ ጊዜ ጀጎልን አይተሻል። የሉካም ግንብ እንደ ጀጎል ከተማዋን ዙሪያዋን ይዟታል። ነገር ግን የጀጎልን ግንብ ሰው በጎኑ ያልፋል እንጂ በላዩ አይሄድም። የሉካ ግንብ አናቱ መንገድ ነው፤ ሁለት ካሚዮን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ በቅሎበታል። በዛፉ ጥላ አሮጊቶች ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ፣ እናቶች ሕፃን በጋሪ ይገፋሉ፣ ወጣቱ በብስክሌት ይበርራል። ከአንዱ በር ላይ ተነስተሽ፣ ቀኝሽን ለሜዳው፣ ግራሽን ለቤቶቹ ጣሪያ ሰጥተሽ ዝም ብለሽ ስትሄጂ፣ ሳትወርጂ ተመልሰሽ እዚያው በር ላይ ትገኛለሽ። ዙሪያ መሆኑን ልብ በይልኝ።

ግንቡን የሠሩት ጠላት ይመጣል ብለው ነበር። ጠላት አልመጣም። ጋሽ አስፋ ከመጽሐፍ አንብበው እንደ ነገሩን፣ ግንቡ ከተማዋን ያዳናት ከጎርፍ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ በሮቹን ዘግተው ውሃውን ውጭ አስቀሩት። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ይህን ሰምተው፣ እኛ ደግሞ አጥራችንን ለሌባ ስናጥብቅ የገባብን በበሩ ነው አሉ። 

ዓርብን በእይታ ዋልን። ካቴድራሉ ውስጥ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ከጊዜ ብዛት ፊቱ የጠቆረ ስቅለት አለ። ጌታችንን እንደኛ ሥዕል እርቃኑን አላደረጉትም፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ቀሚስ ለብሷል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ለመሳለም ሲገቡ እንደ ደንባችን ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ጫማውን አንስቶ እየሮጠ ተከተላቸው። እሳቸው ወደ መሠዊያው ሲራመዱ እሱ ጫማ ይዞ ከኋላ፣ እሳቸው ሲሰግዱ እሱ አጠገባቸው ቆሞ። በመጨረሻ ጫማውን ነጥቀውት፣ ልጄ፣ በኛ አገር የሚያባርሩት ጫማ ያደረገውን ነው አሉት፣ በአማርኛ። አንገቱን ነቀነቀ። የገባው መሰለኝ።

ጋሽ አስፋ ጣልያንኛ ያውቃሉ። የተማሩት በጠላት ጊዜ፣ በልጅነታቸው፣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ እያቀበሉ ነው። የሰሙት ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ የሚያውቁትም ትእዛዝ ብቻ ነው። ምሳ ቤት ገብተን ሾርባ ሲያዙ አስተናጋጁ ተረከዙን አጋጭቶ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። የመጣው ሾርባ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አጃ! አንቺ ለአራስ የምታበስይው አጃ ራሱ፣ ከባቄላ ጋር። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ቢሆን ከላዩ ሥጋ በላንበት። ኅሩይ የሾርባውን ወፍራሙን ከታች እየጨለፈ ለፍቅርተ ሲሰጣት አየሁ። እሷም ሳታመሰግነው ተቀበለች። ሴት የማታመሰግነው የለመደችውን ሰው ነው። እዚህ ላይ እንኳ አልነቃሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅርተና ኅሩይ ገበያ እናያለን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ግንቡ ላይ ወጣሁ። ግንቡ ወደ ውጭ ጉብ ብሎ ማዕዘን በሠራበት ቦታ አግዳሚ ወንበር አገኘሁና ሜዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ሦስቱ መጡ፤ ጋሽ አስፋ በመሃል፣ አቶ ኃይለመለኮት በቀኝ፣ ወይዘሮ ፈትለወርቅ በግራ። ጋሽ አስፋ በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርበዋል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ፊቴ መጥተው ተሰልፈው ቆሙ። ተቀመጡ እንጂ፣ ወንበሩ ለሁላችንም ይበቃል አልኳቸው። ጋሽ አስፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ።

እትዬ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ሻንጣው፣ ሾርባው፣ የጋሽ አስፋ ጥንታዊ ከተማ ናፍቆት፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ደንግጬ ተነሳሁ። ጋሽ አስፋ፣ አንተ ተቀመጥ፣ የሴት ወገን ነህ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ውሻ የያዘች አንዲት አሮጊት በፊታችን አለፈችና ተመልሳ መጣች። ሽበታሞቹን አቁሜ እኔ እግሬን ዘርግቼ መቀመጤን አይታ ቆጣ ብላ ተናገረችኝ። ጋሽ አስፋ በዚያ በጋራዥ ጣልያንኛቸው አንድ ነገር ሲሏት ውሻዋን ጎትታ ሄደች።

ከዚያ ነገሩን በወጉ አቀረቡት። ኅሩይ ልጃችን ነው፣ ልጅነቱን ለናንተ ሊሰጥ፣ እናንተም ልጃችሁን ፍቅርተማርያምን እንድትሰጡት ልኮናል አሉ። እኔም፣ ሽማግሌ ሦስት ወንድ ነው፣ ሴት ሽማግሌ የት አገር ታይቷል? አልኩ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተቆጡ። ወንዱን ግማሹን ገደሉት፣ ግማሹን አሰሩት፣ የቀረው ተበተነ፤ አንተ ሦስተኛ ወንድ አምጣልኝና እኔ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ የማያውቅ ወንደላጤ ደንብ አያስተምረኝም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ እሺ እንደማይባል አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ሰምቻለሁ፣ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አልኳቸው። እጅ ነስተው ሄዱ። እነሱ ወደ ቀኝ ሲሄዱ አይቼ እኔ ወደ ግራ ሄድኩ። ጊዜ አገኘሁ ብዬ ነው። ከከተማዋ ወዲያኛው ጎን ስደርስ ሦስቱ ከዛፎቹ ሥር ፊት ለፊቴ መጡብኝ። ጋሽ አስፋ፣ ተመለሱ ባልከን መሠረት ተመልሰናል አሉ። ሌላ ቀን አይደለም ወይ ያልኳችሁ? አልኩ። አቶ ኃይለመለኮት፣ የዙሪክ ባቡር ነገ ነው፣ ደንቡም ተመላለሱ እንጂ ተኝታችሁ ተመለሱ አይልም አሉ።

በዚያ በሁለተኛው ላይ ዘር ተቆጠረ። ጋሽ አስፋ ዓይናቸውን ጨፍነው የኅሩይን ሰባት ቤት እንደ ዳዊት ደገሙት። በአባቱ ቡልጋ፣ በእናቱ ሸንኮራ ነው። የናንተን ቁጠር አሉኝ። አባታችንን አልኩ፣ አያታችንን አልኩ፣ ቅድመ አያታችንን አልኩ፣ ከዚያ በላይ ጨለመብኝ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ አያችሁ፣ አራተኛው ላይ ግንብ ገጠመው አሉ። እናታችን የቡልጋ ሰው ስለሆነች ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የኅሩይን ዘር በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። ከኛ ጋር የሚገናኝ ካለ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ እስከ ሰማሁት ድረስ የሚገናኝ የለም።

ሦስተኛው መጀመሪያ በወጣሁበት በር አናት ላይ ሆነ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ እያነከሱ ነው የደረሱት። ያኔ እውነቱን ነገርኳቸው። እኔ ወንድም ነኝ እንጂ አሳዳጊ አይደለሁም፤ እናታችን ስትሞት ፍቅርተ በእቅፍ ነበረች፤ አዝላ ያሳደገቻት እትዬ የሻረግ ናት፤ የሷ ቃል ሳይመጣ እኔ እሺም እምቢም አልልም አልኳቸው። ጋሽ አስፋ ተደስተው፣ ይህን ብለህ ባትመልሰን ኖሮ እንንቅህ ነበር አሉኝ። እንግዲያው ተቀመጡ አልኳቸው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ ጉዳዩ መቼ አለቀና? አሉ። ሦስቱም ምሳቸውን ግድግዳ ተደግፈው በሉ። አስተናጋጁ ሦስት ጊዜ ወንበር አመጣላቸው፣ ሦስት ጊዜ መለሱት። በማግስቱ ባቡር ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ኮሪደር ላይ ቆመው ሲሄዱ፣ ተቆጣጣሪው የያዙት ቲኬት የማይሠራ መስሎት መጥቶ ጠየቃቸው። ሚላኖ ስንደርስ ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ እኔ አንተ ባለህበት እቆማለሁ እንጂ በየባቡሩ አልቆምም ብለው ሌላ ፉርጎ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሦስቱም ግን እኔ በማይበት ቦታ እስከ ዛሬ አልተቀመጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍቅርተን ለብቻዋ ይዣት ወጣሁ። ሉካ ውስጥ አናቱ ላይ ዛፍ የበቀለበት ረጅም ማማ አለ፤ አፈር ወደ ላይ ተሸክመው የተከሉት ነው። ወጣንና ከዛፉ ጥላ ሥር ቆመን ግንቡን ከላይ አየነው። ታውቂ ኖሯል? አልኳት። እንዴት አላውቅ፣ ካፖርቱን ከሻንጣ አውጥቼ የተኮስኩላቸው እኔ ነኝ አለችኝ። ትፈልጊዋለሽ ወይ? አልኳት። ባልፈልገው እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ? አለች። ቀጥላም፣ ግን እማማ ሕብስት ሳይመርቁኝ አላደርገውም አለችኝ። እትዬ የሻረግ እሺ ብትልስ? አልኳት። እትዬም እሺ ብትል፣ አንተም እሺ ብትል፣ የንዋይ እናት በሰው አፍ ከሚሰሙት ብቻዬን ባረጅ ይሻለኛል አለች። አላለቀሰችም። የፍቅርተን ነገር ታውቂያለሽ፤ እንዲህ ስትል ቆርጣለች ማለት ነው።

እትዬ፣ የምንጠይቃቸው ነገር ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። ባሏ ንዋይ በዚያ በቀይ ሽብር ዓመት ከቢሮው ተወስዶ ቀረ። አብሮት የታሰረ ሰው ወጥቶ የነገረንን እሳቸውም ሰምተዋል። ሬሳ አላገኙም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አላወጡም። እስካሁን ስለ ንዋይ ሲያወሩ ንዋይ ይወዳል፣ ንዋይ ይላል እንጂ፣ ይወድ ነበር ሲሉ አልተሰማም። ለፍቅርተ መረቁላት ማለት ልጃቸውን በአፋቸው ቀበሩ ማለት ነው። ይህን ከሳቸው ላይ ማንም በግድ ሊወስድ አይገባም። እምቢ ካሉ አትለማመጫቸው። ሽማግሌዎቹን እኔው አሰናብታለሁ። ኅሩይም ይህን ያውቃል። ስንለያይ ጣቢያው ላይ ለብቻዬ ይዤ ነገርኩት። ትክክል ናት፣ እኔም በሳቸው ላይ ተራምጄ ቤት አልሠራም አለኝ። ሰውየውን የወደድኩት ያኔ ነው። ሻንጣዬንም ሰጠሁት።

እኔ ግን የሚመርቁ ይመስለኛል። የሚመስለኝም በምክንያት ነው። አምና በሰው እጅ ለፍቅርተ የላኩላት ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ ነው። ጥቁር ጥለት በቤታቸው ሞልቶ ሳለ ይህን መርጠው ላኩ። ፍቅርተ ደፍራ ለብሳው አታውቅም ነበር። ሉካ ላይ ለበሰችው። ቢሆንም ጥለት ቃል አይደለም። ቃሉን ከአፋቸው አምጪልን።

ስለዚህ ሰው አትላኪባቸው፤ ራስሽ ሂጂ። ጋሽ ዘውገን ይዘሽ፣ ከጎረቤትም አንድ ጨዋ ሰው ጨምረሽ፣ ሦስት ሆናችሁ ግቡ። ወንበር ያቀርቡልሻል፤ አትቀመጪ። ጉልበትሽ እንደሚያምሽ ያውቃሉና መቆምሽን ሲያዩ የመጣሽበት ነገር ይገባቸዋል፤ ብዙ መናገር አያስፈልግሽም። ሴት ሽማግሌ የት አገር ታይቷል ካሉሽ፣ ሉካ ላይ ታይቷል በያቸው። ልጃቸውን ግን እንደሳቸው አድርገሽ ጥሪው። ንዋይ ነበር አትበይ፤ እሱን እሳቸው ይበሉት።

መልሱን በፖስታ ላኪልኝ፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። ይቀመጡ በይኝ ወይም ይሂዱ በይኝ፤ ይበቃኛል። ሠርጉ፣ ከተፈቀደ፣ ሐምሌ ላይ ፍልሰታ ሳይገባ ዙሪክ ይሆናል። ድግሱ ትንሽ ነው፤ የትራም ነጂዎቹና የመጦሪያው አረጋውያን ይመጣሉ ብለዋል።

ጋሽ ዘውገን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ክራቫታቸውን ለዚህ ጉዳይ ይሰሩት። ምንትዋብን ሳሚልኝ፤ ፈተናውን ካለፈች ለአክስቷ ራሷ ትጻፍላት። ለየወይንሐረግ፣ ዓይኗን ሳትታከም መርፌ እንዳትይዝ ንገሪያት። ለእማማ ሕብስት፣ ጉዳይሽን ከጨረስሽ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፣ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ፍቅርተ አንቺን አቅፌ ስሜያለሁ ብላለች። ኅሩይ ገና ሰላምታ ለመላክ መብት የለኝም ብሎ ዝም ብሏል።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ ጋሽ አስፋና ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከቶኔ ላንሲ ድረስ እኔ ቤት መጥተው ነበር። ደብዳቤው ተጻፈ ወይ ብለው ነው። እየጻፍኩት ነው አልኩ። ሁለት ወንበር አቀረብኩላቸው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወንበሩን አይተው፣ እትዬ የሻረግን ጉልበት ለጉልበት እንተዛዘን በላት አሉኝ። ሁለቱም ውሃቸውን ቆመው ጠጥተው ሄዱ።

ወንድምሽ ሽፈራው

ላንሲ፣ ጄኔቭ
ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.